የእንስሳት ሕክምና ትምህርትና ዝቅተኛ ነጥብ፦ አማካይ ውጤት ምን ይለካል?

ባለፈው የትምህርት ዘመን የመጀመሪያው ሴሚስተር ውጤት በተለጠፈ በሦስተኛው ቀን አንድ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ወደ ቢሯችን መጣ። ተማሪው የደቡብ ጎንደር ልጅ ነው፤ ከታች ጋይንት ወረዳ፣ ከአርብ ገበያ ከተማ ወጣ ካለች የገጠር ቀበሌ። በእጁ በያዘው ወረቀት ላይ የሰፈረው አማካይ ነጥብ 2.25 ነበር። ነጥቡን ከሁሉ በላይ ወደ ታች የጎተተው ደግሞ እኛው ያስተማርነው የፊዚክስ ትምህርት ነው፤ በእርሱ ያገኘው «ዲ» ነበርና። ልጁ ግን ስለ ፊዚክስ ሊከራከር አልመጣም። «መምህር፣ በዚህ ነጥብ የእንስሳት ሕክምና መማር እችላለሁ ወይስ ከአሁኑ ተስፋ ልቁረጥ?» ሲል ጠየቀን።

እውነቱን ለመናገር በዚያች ቅጽበት የሰጠነው መልስ «በርታ» ከማለት ያለፈ አልነበረም። ይህ ደግሞ መልስ አለመሆኑን ልጁም እኛም እናውቃለን። በዚህ ጽሑፍ ያን ዕለት ልንሰጠው ይገባ የነበረውን መልስ ዘግይተንም ቢሆን ለማቅረብ እንሞክራለን። ጉዳዩን የምንመለከተው በሙያችን በኩል ነው። አማካይ ነጥብ ልኬት ነው፤ እያንዳንዱ ልኬት ምን ያህል እንደሚታመን መጠየቅ ደግሞ የፊዚክስ የዘወትር ሥራ ነው።

በቅድሚያ ልጁ ይህን ሙያ ለምን እንደፈለገ እንግለጽ። የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ሳለ ከአባቱ ሁለት በሬዎች አንዱ ቀኑን ሙሉ በደኅና ሲግጥ ውሎ ማታ ወደቀ፤ ከአፍንጫው ጥቁር ደም ወጣ። የአገሩ ሰው ይህን በሽታ «አባ ሰንጋ» ይለዋል። ሥጋው እንዳይባክን በማለት ጎረቤት ተሰብስቦ በድኑን ገፈፈ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ቆዳውን ከገፈፉት አንዱ በሆኑት በአጎቱ ክንድ ላይ መሐሉ የጠቆረ ቁስል ወጣ። አጎቱ ጤና ጣቢያ በተሰጣቸው መድኃኒት ዳኑ። አባቱ ግን በቀራቸው አንድ በሬ ከጎረቤት ጋር እየተቀናጁ ሁለት ክረምት አረሱ። መቀናጆ የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም፤ ዝናቡ መሬቱን ለእርሻ ባመቸበት ቀን ተራው የጎረቤት ይሆናል። የወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ የደረሰው በሦስተኛው ቀን ነበር። በድኑ ሳይከፈት መቃጠል ወይም በጥልቅ ጉድጓድ መቀበር እንደነበረበት፣ የበሽታው ዘር አፈር ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ሳይሞት ሊቆይ እንደሚችል ለተሰበሰበው ሰው ሲያስረዳ ልጁ ከአባቱ ጎን ቆሞ ያዳምጥ ነበር። ያንን በሦስተኛው ቀን የመጣውን ሰው፣ ነገር ግን በመጀመሪያው ቀን የሚደርሰውን፣ መሆን ፈለገ።

በሩ የት ነው?

የእንስሳት ሕክምና ትምህርት በር በየአገሩ የተለያየ ቦታ ላይ ነው የተሠራው። በሰሜን አሜሪካ አብዛኛው አመልካች በቅድሚያ በሥነ ሕይወት፣ በኬሚስትሪ ወይም በመሰል ዘርፍ የመጀመሪያ ዲግሪውን ይይዛል፤ ከዚያም ለአራት ዓመቱ የእንስሳት ሕክምና ዶክትሬት ይወዳደራል። በመሆኑም በዚያ አገር ዝቅተኛ ነጥብ ሲባል የአራት ዓመት ድምር ነው። በአገራችን ግን ተማሪው ከ12ኛ ክፍል በቀጥታ ወደ ዩኒቨርሲቲ ይገባል። በ2012 ዓ.ም. እንደገና የተጀመረውን የፍሬሽማን ትምህርት ይወስዳል፤ በዚያ ያገኘው አማካይ ነጥብና የብሔራዊ ፈተና ውጤቱ ተደማምረው የትምህርት ክፍል ይመደብለታል። ሁለቱ የሚይዙት ድርሻና የሚጨመረው የድጋፍ ነጥብ በመመሪያ የሚወሰን፣ መመሪያውም የሚሻሻል ስለሆነ ተማሪው ከጓደኛው ሳይሆን ከሬጅስትራር ጽሕፈት ቤት የዓመቱን መመሪያ አስፈቅዶ ማንበብ ይገባዋል። ይህን የምንለው በየዓመቱ ያለፈውን ዓመት መመሪያ ይዘው የሚያሰሉ ተማሪዎች ስለምናገኝ ነው።

የአገራችን የእንስሳት ሐኪሞች ቀድሞ የሚሠለጥኑት በውጭ አገር ነበር። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ደብረ ዘይት፣ በዛሬው ቢሾፍቱ፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ፋኩልቲ ሲቋቋም በሩ ወደ አገር ቤት መጣ። ዛሬ ጎንደር፣ ሐሮማያ፣ ጅማ፣ መቀሌና ሌሎችም ዩኒቨርሲቲዎች ትምህርቱን ይሰጣሉ። ይሁን እንጂ አንድ የማይጣጣም ነገር አለ። ከፍተኛ ነጥብ ያለው ተማሪ በአብዛኛው የሚመርጠው የሰው ሕክምናን ነው፤ የእንስሳት ሕክምና ለብዙዎች ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ወይም ከዚያ በታች የተጻፈ ምርጫ ነው። በውጤቱም በክፍሉ ውስጥ «ደረሰኝ» ብሎ የተቀመጠ ተማሪ እናገኛለን፤ ከልቡ የፈለገው ደግሞ በጥቂት የነጥብ ክፍልፋይ ውጭ ይቀራል። የምደባው ቀመር ፍላጎትን የሚለካው በምርጫ ተራ ቁጥር ብቻ ነው፤ የበሬው ታሪክ በቅጹ ላይ የሚጻፍበት ቦታ የለም።

ጋኑና በርሜሉ

አማካይ ነጥብ እንዴት እንደሚንቀሳቀስ ለመረዳት ከቤት አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በጋን ውስጥ 18 ሊትር ቀዝቀዝ ያለ ውኃ አለ እንበል። 18 ሊትር ሙቅ ውኃ ብንጨምርበት የድብልቁ ሙቀት በሁለቱ እኩሌታ ላይ ያርፋል። ነገር ግን በጋኑ ፋንታ 120 ሊትር የያዘ በርሜል ቢሆንና የምንጨምረው ያንኑ 18 ሊትር ቢሆን ውኃው መሞቁ በጣት እንኳ በግልጽ አይታወቅም። አማካይ ነጥብ የሚከተለው ይህንኑ ሕግ ነው። ሊትሩ የክሬዲት ብዛት ነው፤ ሙቀቱ ደግሞ ግሬዱ። በአጭሩ፣ የአማካዩ ለውጥ ማለት በአዲሱና በአሮጌው አማካይ መካከል ያለው ልዩነት፣ አዲሱ ክሬዲት ከጠቅላላው ክሬዲት ባለው ድርሻ ተባዝቶ የሚገኘው ነው። የፊዚክስ ተማሪ ይህን ሲያይ ኢነርሺያን ያስታውሳል፤ ብዙ መጠነ ቁስ ያለውን አካል ከያዘው ሁኔታ ማነቃነቅ ከባድ ነው።

የእኛ ተማሪ በጋን ደረጃ ላይ ነው። በመጀመሪያው ሴሚስተር እያንዳንዳቸው 3 ክሬዲት የሆኑ ስድስት ትምህርቶች ተቆጥረውለታል፤ በጠቅላላው 18 ክሬዲት። ሁለተኛው ሴሚስተርም 18 ክሬዲት ቢሆንና 3.25 ቢያመጣ የዓመቱ አማካይ 2.75 ይሆናል። 3.00 ላይ ለመድረስ ደግሞ በሁለተኛው ሴሚስተር 3.75፣ ማለትም በሁሉም ትምህርት «ኤ ማይነስ» ያስፈልገዋል። ከባድ ነው፤ የማይቻል ግን አይደለም። አንድ ሴሚስተር የዓመቱን ግማሽ ይመዝናልና።

በርሜሉን ያየነው በሌላ ሰው ጉዳይ ነው። ከዓመታት በፊት ያስተማርናት፣ አሁን በአሜሪካ የምትኖር አንዲት ኢትዮጵያዊት ስለዚሁ ጉዳይ ጽፋልን ነበር። ሌሊት እየሠራች፣ ቀን እየተማረች በዚያው አገር በኬሚስትሪ የመጀመሪያ ዲግሪዋን የያዘችው በ2.40 ነው። በ120 ክሬዲት ላይ 30 ክሬዲት ጨምራ በሁሉም 3.75 ብታመጣ ጠቅላላ አማካይዋ የሚደርሰው 2.67 ብቻ ነው። 3.00 ለመድረስ ብትፈልግስ? ከእንግዲህ ሁሉንም ትምህርት በ4.00 ብታልፍ እንኳ 72 ክሬዲት ያስፈልጋታል፤ ይህም ከሁለት ዓመት በላይ የሙሉ ጊዜ ትምህርት ነው፤ ወጪውም እንደዚያው። በዚህ ስሌት «በርታ» ብቻ ብሎ ማለፍ ሰውን ማታለል ይሆናል። አንድ በር በስሌት መዘጋቱን ቀድሞ ማወቅ ሌላውን ለመፈለግ ጊዜ ይሰጣል።

የሚገርመው ግን የዚህችው ሴት ታሪክ በሌላ መነጽር ሲታይ ሌላ መሆኑ ነው። ከአሜሪካ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጆች አንዳንዶቹ ከጠቅላላው አማካይ ሌላ የመጨረሻዎቹን 45 ክሬዲቶች አማካይ ለይተው ያያሉ። አዲሶቹ 30 ክሬዲቶች በ3.75፣ ከአሮጌዎቹ የመጨረሻዎቹ 15 ደግሞ በ3.00 ቢሆኑ የ45ቱ አማካይ 3.50 ይሆናል። ሰውዬዋ አንድ ናት፤ በአንዱ ኮሌጅ 2.67፣ በሌላው 3.50 ትባላለች። የትኛው ነው ትክክሉ? ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ የሚመልሱት ጥያቄ ግን የተለያየ ነው። ጠቅላላው አማካይ «እስከ ዛሬ በድምሩ ምን ሠራች?» ሲል ይጠይቃል፤ የ45ቱ ደግሞ «አሁን በምን ሁኔታ ላይ ናት?» ይላል።

በመካኒክስ ትምህርት የአንድን አካል እንቅስቃሴ ለመተንበይ የት እንዳለ ማወቅ ብቻ እንደማይበቃ፣ በየት አቅጣጫና በምን ፍጥነት እንደሚሄድ ማወቅም ግድ እንደሆነ እናስተምራለን። በ2.0 ጀምሮ በ3.2 የጨረሰና በ3.2 ጀምሮ በ2.0 የጨረሰ ሁለት ተማሪዎች አማካያቸው እኩል 2.6 ሊሆን ይችላል። ሁለቱን አንድ አድርጎ የሚያይ የምርጫ ሥርዓት ቦታን እንጂ ፍጥነትን አልለካም። እኛ ራሳችን ለዶክትሬት ትምህርት ወደ ውጭ ስናመለክት የመጀመሪያ ዓመት ውጤታችን ለማሳየት የሚያኮራ አልነበረም። በካልኩለስ ያገኘነውን ግሬድ ዛሬም ለተማሪዎቻችን አንነግርም። የተቀበሉን ፕሮፌሰር ግን ወረቀቱን ከታች ወደ ላይ ነበር ያነበቡት።

ሚዛኑ ምን ያህል ይታመናል?

አሁን ወደ ልጁ እንመለስ። ከመሄዱ በፊት የት ላይ እንደተሳሳተ ለማወቅ የፈተና ወረቀቱን ማየት ይችል እንደሆነ በትሕትና ጠየቀ። ወረቀቱን አውጥተን አብረን ገጽ በገጽ ስናይ በሦስተኛው ገጽ ጀርባ የሰጠነው 4 ነጥብ በድምሩ ውስጥ አለመግባቱን አገኘን። የመደመር ስህተቱ የእኛ ነው። ከመቶ 43 የነበረው 47 ሆነ፤ «ዲ» የነበረው «ሲ ማይነስ» ሆነ፤ በአንድ ትምህርት 1.00 የነበረው 1.75 ሆነ። የግሬድ ማስተካከያው ቅጽ ተሞልቶ ከጸደቀ በኋላ አማካዩ ከ2.25 ወደ 2.38 ገደማ ከፍ አለ። ልጁ ወረቀቱን ላሳዩኝ ባይል ኖሮ ይህ ስህተት በእርሱ ላይ እንደታተመ ይቀር ነበር። ጠይቀው ያላዩ ስንት ይሆኑ?

የመደመር ስህተት የታረመ ስህተት ነው። ነገር ግን በእያንዳንዱ ግሬድ ውስጥ የማይታረም፣ በተፈጥሮው ያለ መዋዠቅ አለ። ፈተናው በዚያ ቀን የጠየቀው ምዕራፍ፣ የተማሪው የዚያ ሌሊት እንቅልፍ፣ የአራሚው ድካም ሁሉ ይገቡበታል። ያረምነውን ወረቀት ከሳምንታት በኋላ ደግመን ስናርም የተለየ ነጥብ የሰጠንበት ጊዜ አለ፤ ይህን የማይል መምህር ካለ ደግሞ አርሞ አያውቅም ማለት ነው። ለአብነት ያህል በእያንዳንዱ ትምህርት ላይ ያለው መዋዠቅ የግሬድ ግማሽ፣ ማለትም 0.5 ነው ብለን እንውሰድ። የልኬት ሕግ እንደሚለው የብዙ ልኬቶች አማካይ መዋዠቅ የሚቀንሰው በልኬቶቹ ብዛት ሳይሆን በብዛታቸው ስኩዌር ሩት ነው። ለስድስት ትምህርቶች 0.5 ለ2.45 ሲካፈል 0.2 ገደማ ይሆናል። ይህ ማለት የልጁ 2.38 በሐቀኝነት ሲነበብ «ከ2.2 እስከ 2.6 አካባቢ» የሚል ነው። በዚህ መዋዠቅ ውስጥ 2.38ን ከ2.45 ለይቶ አንዱን ማስገባት፣ ሌላውን ማስቀረት በላቦራቶሪያችን አንድ ተማሪ ቢያደርገው ሪፖርቱን የምንመልስበት ሥራ ነው። ቦታው ውስን ስለሆነ መስመር የግድ አንድ ቦታ ላይ መሰመር እንዳለበት እንረዳለን። መስመሩ አስተዳደራዊ እንጂ ሳይንሳዊ አለመሆኑን ግን ማወቅ ይጠቅማል፤ በመስመሩ ማዶ የቀረው ተማሪ በችሎታው አነስተኛ ስለመሆኑ መስመሩ ማስረጃ አይሆንም።

ይህ ክርክር ግን በሌላ በኩልም ይቆርጣል። ትምህርቶቹ 36 ሲሆኑ መዋዠቁ ወደ 0.08 ይወርዳል። አራት ዓመት ተምሮ 2.40 ይዞ የወጣ ሰው ውጤቱን በዕድል ሊያሳብብ አይችልም። ዕድል በ36 ትምህርት ውስጥ ይጣፋል።

የሚቀረው ሁለተኛው የስህተት ዓይነት ነው፤ ሥርዓታዊ የምንለው። በአርብ ገበያ ገበያ (ከተማዋ ስሟን ያገኘችው በዓርብ ከሚቆመው ገበያ ነው) አንድ ነጋዴ ሁልጊዜ ግማሽ ኪሎ አጉድሎ የሚያሳይ ሚዛን ቢኖረው ጤፉን አንድ ጊዜ ቢመዝኑት ወይም መቶ ጊዜ ልዩነት የለውም። አማካይ ማውጣት ይህን ስህተት አያጠፋውም፤ እንዲያውም ስህተቱን የተረጋገጠ እውነት ያስመስለዋል። ይህ ልጅ ዘጠነኛ ክፍል ሳለ፣ በመጋቢት 2012 ዓ.ም.፣ በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ጋይንት ደረሰ። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ወስዶ ማለፊያውን ስላላገኘ በሪሚዲያል በኩል ነው የገባው፤ በዚህም ብቻውን አይደለም፤ በ2014 የትምህርት ዘመን ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት በአገር ደረጃ ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። የፊዚክስ ላቦራቶሪ መሣሪያ በእጁ የነካው ዩኒቨርሲቲ ከገባ በኋላ ነው። ፈተናውን የሚያነበው ደግሞ እቤቱ ማንም በማይናገረው በእንግሊዝኛ ነው።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የጎደለ ዝግጅት የእውነት ጎደሎ ነው፤ የመድኃኒት መጠን ማስላት የማይችል ሐኪም በሬውን የሚገድለው የመጣበት ትምህርት ቤት ላቦራቶሪ ስላልነበረው ብሎ አይቀርም። «ዛሬ ምን ያህል ተዘጋጅቷል?» ለሚለው ጥያቄ የልጁ ነጥብ ከሞላ ጎደል ትክክለኛ መልስ ነው። «መማር ይችላል?» ለሚለው ግን ሚዛኑ የጎደለ ነው። የመጀመሪያው ሴሚስተር ፊዚክስ ላይ «ሲ ማይነስ» የሰጠነው ለመጀመሪያው ጥያቄ ነው፤ ሁለተኛውን አልጠየቅነውም፤ እንዴት እንደሚጠየቅም በፈተናችን ውስጥ አላበጀንም።

ወደ እንስሳው የሚያደርሱ ሌሎች መንገዶች

በዚህ ሙያ ታሪክ ውስጥ በነጥብና በሥራ መካከል ስላለው ርቀት የሚያሳየን አንድ የአገራችን ጉዳይ አለ። የከብት ደስታ የሚባለው በሽታ በ1880 ዓ.ም. ገደማ በምፅዋ በኩል ገብቶ አብዛኛውን የአገሪቱን ከብት ፈጀ፤ ያስከተለውም «ክፉ ቀን» እየተባለ የሚታወሰውን ረኃብ ነው። ከሰባ ዓመት በላይ ቆይቶ ዋልተር ፕላውራይት የተባሉት እንግሊዛዊ የእንስሳት ሐኪም በኬንያ አስተማማኝ ክትባት ሠሩ። ነገር ግን ክትባቱ ማቀዝቀዣ ይፈልግ ነበር፤ የአፋር በረሃ ደግሞ ማቀዝቀዣ አልነበረውም። ችግሩ የባዮሎጂ ብቻ ሳይሆን የፊዚክስም ነበር። በ1980ዎቹ መጀመሪያ አካባቢ ጄፍሪ ማሪነርና ባልደረቦቻቸው ክትባቱ በቅዝቃዜ ሲደርቅ በውስጡ የሚቀረውን እርጥበት ይበልጥ እንዲቀንስ በማድረግ ያለ ማቀዝቀዣ ለ30 ቀናት ያህል የሚቆይ አደረጉት።

ይህንን ክትባት ተሸክመው በአፋር ከመንጋ ወደ መንጋ የተጓዙት ኅብረተሰቡ ራሱ የመረጣቸው የእንስሳት ጤና ሠራተኞች ነበሩ፤ የተመረጡት በከብት ዕውቀታቸውና በታማኝነታቸው እንጂ በትምህርት ማስረጃ አልነበረም። የመጨረሻው የበሽታው ክስተት በኢትዮጵያ የታየው በ1987/88 ዓ.ም. ነው። አገሪቱ በ2000 ዓ.ም. ከበሽታው ነጻ መሆኗ ታወቀ፤ በ2003 ዓ.ም. ዓለም በሙሉ ከእርሱ ነጻ መሆኑ ታወጀ። ከፈንጣጣ ቀጥሎ በሰው ጥረት ከምድር የጠፋ ሁለተኛው በሽታ ነው።

ይህን ስንል ትምህርት አያስፈልግም ማለታችን አይደለም። ክትባቱን የሠሩት በላቦራቶሪ የኖሩ ሊቃውንት ናቸው፤ ቢሾፍቱ የሚገኘው የአፍሪካ ኅብረት የእንስሳት ክትባት ማዕከል ዛሬም የክትባት ጥራት የሚመረምረው በእንዲህ ዓይነት ባለሙያዎች ነው። ለማለት የምንፈልገው ሥራው ሰንሰለት መሆኑን፣ ሰንሰለቱም ከአንድ በላይ መግቢያ ያለው መሆኑን ነው። ለልጁ የእንስሳት ሕክምና ባይደርሰው የእንስሳት ሳይንስ አለ፤ ከእርሱም በታች የወረዳ ክሊኒኮችን የሚሸከሙት የቴክኒክና ሙያ ምሩቃን የእንስሳት ጤና ቴክኒሺያኖች አሉ። በመጨረሻ አባቱ ቤት የደረሰውም ባለሙያ ከእነዚህ አንዱ ነበር። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ ፕሮግራሞች የተደነገገው የመውጫ ፈተና ብዙ ተማሪ የሚያማርረው ቢሆንም ለእንደዚህ ዓይነቱ ልጅ አንድ ጥቅም አለው፤ ከአንደኛ ዓመት ነጥቡ ጋር ያልተያያዘ፣ በመጨረሻ የሚደረግ ሁለተኛ ልኬት ነው።

በአሜሪካ ለምትኖረው ደግሞ የጻፍንላት ምክር አጭር ነበር። የእያንዳንዱን ኮሌጅ ዝቅተኛ መስፈርትና የመጨረሻ 45 ክሬዲት ይቆጥር እንደሆነ ለይታ እንድትይዝ፣ ዝቅ ያለችባቸውን የሳይንስ ትምህርቶች ብቻ መርጣ እንድትደግም፣ በእንስሳት ክሊኒክ የምታሳልፋቸውን ሰዓታት ከአሁኑ እንድትመዘግብ፣ የሚያውቃትን ሐኪም የድጋፍ ደብዳቤ እንድትጠይቅ። በካሪቢያን ደሴቶች በነጥብ ላላ የሚሉ ኮሌጆች መኖራቸውን እርሷው ነገረችን፤ ክፍያቸውን ስናይ ግን የብድሩን ወለድ ራሷ ቁጭ ብላ እንድታሰላ መከርናት። ድምር ወለድ ከአማካይ ነጥብ በተለየ ሁኔታ በጊዜ ብዛት የሚፈጥን ነገር ነው።

የአርብ ገበያው ልጅ በሁለተኛው ሴሚስተር በየሳምንቱ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ወደ ቢሯችን ይመጣ ነበር፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው ጥያቄ የፊዚክስ ሳይሆን የሒሳብ ነበር። ከሁሉ በላይ ያስቸገረው እንግሊዝኛው እንጂ ስሌቱ አለመሆኑን ያወቅነው ከወር በኋላ ነው፤ ያንኑ ጥያቄ በአማርኛ ስንነግረው ይሠራው ነበር። የሴሚስተሩ ውጤት 3.33 ሆነ፤ የዓመቱ አማካይ 2.85። እኛ ካሰላንለት 3.00 ያነሰ ነው፤ ከጀመረበት ግን የራቀ ነው። በምርጫ ቅጹ ላይ የእንስሳት ሕክምናን አንደኛ፣ የእንስሳት ሳይንስን ሁለተኛ አድርጎ ሞላና ለክረምቱ ወደ አገሩ ሄደ።

ይህን ጽሑፍ በምናጠናቅቅበት ሳምንት ዓርብ ዕለት ደውሎልን ነበር። ከበስተጀርባው የገበያ ጫጫታ ይሰማል፤ አባቱ በግ ሊሸጡ ወጥተው አብሯቸው መምጣቱን ነገረን። የምደባው ዝርዝር ወጥቶ እንደሆነ ጠየቀን። አልወጣም ነበር።